ባቡር ማንሳት

ታኅሣሥ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፤ ጦሳ ጉሙን ሳያወልቅ፣
የቧንቧ ውሃ ኮብልስቶን ላይ አመዳዩ ገና ሳይለቅ፣
ካሜራዬን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፌ፣
መናኸሪያ ወረድኩ፣ ዓይኔ ላይ እያለ እንቅልፌ።

ረዳቱ «ሰርግ ነው ጋሼ?» አለኝ ከረጢቴን እያየ።
«የለም፣ ኮምቦልቻ፤ ባቡር ላነሳ» ስለው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ፤
«ወድቆ ነው? ክሬን ይዘሃል?» ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤
ሾፌሩም በመስታወቱ አየኝና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ሐረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ተከፈተ፤
ደረቁ የደሴ ብርድ ቀርቶ እርጥቡ አጥንቴን አሸተተ።
ከታች ቦርከና ጉም አንጥፏል፤ ከተማው ከሥሩ ሰጥሟል፤
የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ብቻ እንደ ጠሪ እጅ ቆሟል።

የአባቴ አጎት እንድሪስ ድሬዳዋ ኖሮ ሲመለስ
አንድ ፎቶ ነበር ጓዙ፣ ከመሐል ታጥፎ ሊበጠስ፤
ጥቁር የእንፋሎት ባቡር፣ መንኮራኩሯ ከሰው የሚረዝም፤
ከጎኗ የቆመው ሰውዬ ካናቴራው እንጂ ፊቱ አይታይም፤
ተንፍሳበታለች፤ ከአንገቱ በላይ ነጭ ደመና።
«እሳት አንዳጁ እኔ ነኝ» ይለን ነበር። እኛም አመንና
ለሰፈር ሁሉ አወራን።
«ዳገት ላይ ካላጎረስካት ታኮርፋለች» ሲል ዛሬም እሰማለሁ፤
ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ያን ፊት በማጉያ ፈልጌያለሁ።

የኮምቦልቻው እንፋሎት አያውቅ፤ ናፍጣ ነው የሚጠጣ።
ይጠጣ ነበር ልበል? ሐዲድ ሲነጠፍ የመጣ፣
ጠጠር ሲያመላልስ ቆይቶ አንድ ቀን ቁም የተባለ፤
ትእዛዝ አክባሪ ነውና እስከ ዛሬ ቆሞ የዋለ።
መስኮቱ ላይ ርግብ ጎጆ ሠርታለች፤ ሐዲዱን አረም ውጦታል፤
ከተሳቢው ጥላ ሥር አንዲት ፍየል ወልዳበታል።

ዘበኛው ሙሄ በካፖርቱ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ
የበቆሎ ቆረቆንዳ ያነዳል፣ ጉልበቱን ወደ እሳት አቅርቦ።
«ፈቃድ አለህ?» አለኝ። የለኝም። «ሻይስ?» አለኝ። ጠጣሁ።
ፀሐይ ከጉሙ ጋር ስትከራከር ሦስት እግሩን ዘርግቼ ጠበቅሁ።
ጣቶቼ ደንዝዘው ቁልፉን ያጣሉ፤ ሌንሱን ትንፋሼ ያላበዋል፤
እወለውላለሁ፤ ተመልሶ ያደበዝዘዋል።

ያኔ ነው። ጉሙ ከቦርከና ተነሳ፣ ሐዲዱን ይዞ መጣ፤
የሙሄ እሳት ጭስ ተቀላቀለው፤ በባቡሩ አናት ላይ ወጣ፤
ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚንከባለል።
ተንፍሶ የማያውቅ ብረት ተነፈሰ።
ፍየሏ እንኳ ቀና አለች።
አነሳሁ። ደግሜ አነሳሁ።

«እኔንም አንሳኝ እንጂ!» ሙሄ ነው፤ ብርድ ልብሱን ጥሎ፣
የነጂውን መሰላል ይዞ፣ አንድ እግሩን ሽቅብ ሰቅሎ።
«ልጆቼ ሐርቡ ናቸው። አባታችን ነጂ ነው ይላሉ፤
ዘበኛ ነኝ ብዬ አላውቅም። ፎቶ ካዩ ያምናሉ።»

ቁልፉን ተጫንኩ። ጉሙ ደረሰ። ከአንገቱ በላይ ነጭ ሆነ።
እጄ ካሜራው ላይ ቀረ፤ ሐሳቤ ድሬዳዋ በነነ።
እንግዲህ እንድሪስስ?
እሳቱን ያነድ ነበር፣ ወይስ ይጠብቅ?
ወይስ ሥራ ፈላጊ የወሎ ልጅ ሆኖ፣
ፈረንጅ ፎቶ ሲያነሳ አይቶ፣ ሮጦ ከጎኗ የቆመ?
መዳፉ ላይ ጠባሳ ነበር።
ከምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም።

«ፊቴ ወጣ?» አለ ሙሄ።
«አልወጣም። ልድገምህ?»
መጥቶ በእኔ ትከሻ ላይ አጎንብሶ አየው። ጢሙን ዳበሰ።
«ተወው» አለ። «የሚሄድ ይመስላል።»

ረፋዱ ላይ ሐረጎን ስንወጣ ያው ረዳት ነው፣ ያው ሳቁ፦
«እህስ ጋሼ፣ ባቡሩን አነሳኸው?»
«ከበደኝ» አልኩት፣
መልሴን እየተቀበልኩ።